ሽሮ እንኳ አልጣድኩም ያልኩ ዕለት

ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ ግማሻችሁ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለእናቴ ታሳያላችሁ።

ይሁን። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

በፍልሰታ ሥጋ ጣድኩ።

አዎ፣ እኔ። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ጾም ግጥም ለጥፌ ላይክ ስሰበስብ የዋልኩት እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ላሊበላ ለሥራ ሁለት ዓመት የቆየች አንዲት ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ የኤሌክትሪክ ድስቷን ሰጠችኝ። ስሎው ኩከር ይሉታል። ጠዋት ጥሬውን ከተህ ትሰካዋለህ፣ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፣ ማታ ስትመለስ በስሎ ይጠብቅሃል። ለላጤ ከዚህ በላይ ምን ትዳር አለ?

ትናንት የምሠራበት ሆቴል ለቱሪስት ከታረደው በግ የጎድን አጥንት ተረፈ። ምግብ አብሳዩ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና "ማን ያይሃል" አለኝ። ሆዴም ከስንት ቀን ሽሮ በኋላ ማን ያይሃል አለኝ።

ዕቅዴ እንከን አልነበረውም። ክዳኑን በፎጣ ጠቀለልኩ። የበሩን ሥር በጋቢ ወተፍኩ። ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍኩ። በዚያ ላይ በመብራታችን ተማምኛለሁ፤ ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ ሽታውም አብሮ በረድ ይላል ብዬ። እዚህ አገር መብራት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ውሎ ያውቃል?

ዛሬ ዋለ።

የረሳሁት ኮርኒሱን ነው። የእኔ ክፍልና የአከራዮቼ ክፍል በአንድ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። ግድግዳው ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ነው። ድምፅ ያልፋል። ሽታም ያልፋል።

ድምፅ እንደሚያልፍስ አውቅ ነበር። ዋናው አድማጬ በዚያ በኩል ነው ያለው። አከራዬ አያ ሞላ። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት ቱሪስት በበቅሎ ወደ አሸተን ተራራ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ግጥም ጮክ ብዬ ሳነብ ካልጋቸው ሆነው ግድግዳውን በዱላቸው ይመታሉ። አንዴ ከመቱ ደኅና ነው ማለት ነው። ሁለቴ ከመቱ "አልበሰለም፣ መልሰህ ጣደው" ማለታቸው ነው።

አፍንጫቸው ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው። በመንገድ ሲያልፉ የማን ቤት ምን እንደተሠራ፣ ማን ሽንኩርት እንዳሳረረች ከበቅሎው ላይ ሆነው ይናገሩ ነበር አሉ።

አያ ሞላ ታመዋል። እህል እምቢ ካሉ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነው። የንስሐ አባታቸው "ለታመመ ተፈቅዷል፣ ያማረውን ይብላ" ብለዋል። ችግሩ የሚያምራቸው ነገር መጥፋቱ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ የአጃ አጥሚት ይዘው ይገባሉ፣ ያንኑ አጥሚት ይዘው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ልብ በሉልኝ።

ረፋድ ላይ የሆቴሉን እንግዶች ለማስጎብኘት ይዤ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከዋሻው ጣሪያ ስለሚንጠባጠበው ጠበል እያስረዳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ለወትሮው እዚያ ኔትወርክ የለም። ዛሬ ኔትወርኩም ነበረ።

እትዬ ወርቄ ናቸው።

"ልጄ፣ ክፍልህ ውስጥ የጣድከው ነገር አለ እንዴ?"

ከእንግዶቼ ራቅ አልኩ።

"የለም እትዬ። ምነው?"

"እኔማ ጉንፋኑ አፍንጫዬን ደፍኖታል። እሱ ነው የሥጋ ወጥ ሸተተኝ የሚለው።"

ተነቃብኝ አልኩ። ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ?

"ኧረ በጾም! እትዬ፣ እኔ ሽሮ እንኳ አልጣድኩም።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "በል ይሁን፣ መድኃኔዓለም ይጠብቅህ" ብለው ዘጉት።

ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው ያቺን ዝምታ መስማት ነበረበት። እኔ ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ ጠበሉ ስንቱን በሽተኛ እንደፈወሰ ለእንግዶቼ ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ሽታው ከግቢው በር ተቀበለኝ። እትዬ ወርቄ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጀሁ።

አልተቆጡኝም።

"ዛሬ እኮ አምሮት ነበር" አሉኝ። "ከስንት ቀን በኋላ ከትራሱ ቀና ብሎ፣ 'ወርቄ፣ ይኼ ልጅ በግ ጥዷል፤ ከመረቁ ትንሽ ለምኝልኝ' አለኝ። በጾም ሥጋ ሠርተሃል ወይ ብዬ አንተን መጠየቁ ከበደኝ። ለዚህ ነው እንዲያ ዙሬ የጠየቅኩህ። የለም ስትለኝ የለም አልኩት።"

"ምን አሉ?"

"'እንግዲያው አፍንጫዬም ሄዷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ' ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ውኃም አልጠጣ።"

ያ ግድግዳ የእኔ ግድግዳ ነው። እሳቸው በዚያ በኩል፣ ድስቴ በዚህ በኩል።

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ድስቱን ከነገመዱ ተሸክሜ ወደ እነሱ ክፍል ገባሁ። የንስሐ አባታቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። ድስቱን አዩ። እኔን አዩ።

"ለሞላ ብለህ ነው የሠራኸው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

የማምለጫ በር ወለል አድርገው ከፈቱልኝ እኮ። አዎ ብል ዛሬ በሰፈሩ የተመሰገንኩ ልጅ ነበርኩ።

"አይደለም አባ። ለራሴ ነው። ጠዋትም ዋሽቻለሁ።"

አያ ሞላ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ክዳኑን ክፈተው" አሉ። ከፈትኩት። እትዬ ወርቄ ትከሻቸውን ደግፈው ወደ እንፋሎቱ አዞሯቸው። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን ሳቡት።

"ኮረሪማ አልጨመርክም።"

አልጨመርኩም።

"የጎድን አጥንት ነው።"

ነው።

"ይኼ እንኳ በስሏል" አሉና በስንት ጊዜያቸው ፈገግ አሉ።

እትዬ ወርቄ ሮጠው ማንኪያ አመጡ፤ ከመረቁ ቀድተው ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። አያ ሞላ ከንፈራቸውን ብቻ አረጠቡና ማንኪያውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

"ጠዋት ነበር የራበኝ" አሉ።

ቁጣ የለበትም። እንዲያው ሰዓት እንደሚናገር ሰው።

አባም ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በተሻለኝ።

አሁን ክፍሌ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። ድስቱን አምጥቼ መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ሙቀት ብቻ የሚጠብቀው ቁጥር ላይ አድርጌዋለሁ። ፎጣውን ከክዳኑ፣ ጋቢውን ከበሩ ሥር አንስቻለሁ። ኮረሪማም ጨምሬበታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይሽተተው። ነገ ጠዋት ማንም ምን ጣድክ ቢለኝ፣ ሥጋ ነው እላለሁ።

ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው። ዱላው እስካሁን አንዴም አልመታም።

ስድባችሁን ኮሜንት ላይ ተሰልፋችሁ ጻፉ፣ ይገባኛል። ከዚያ በፊት ግን ከመካከላችሁ በሽተኛ ያስታመመ ካለ አንድ ነገር ብቻ ይንገረኝ፦ አንዴ የሄደ ረሃብ ተመልሶ ይመጣል?