ሁላችሁም በአንድ ላይ ልቀቁ!

ፊዚክስን የሚያከብደው ሒሳቡ አይደለም፤ አማርኛው ነው! አትስቁ... የደረሰብኝን ስሙና ፍረዱ።

ከደብረ ብርሃን መቐለ ተመድቤ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ትግርኛዬ ገና ዳዴ ይላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሓድጉ ሊገመግሙኝ ከኋላ ተቀምጠዋል። "ካልተዋጣልህ እድገትህ ለሁለት ዓመት ይቆያል" ብለውኛል... ፈገግ ብለው!

ላስደንቃቸው ብዬ ከመጽሐፉ ወጣ አልኩ። "ጉልበት የሞላው አቶም በራሱ ጊዜ ብርሃን ይለቃል። ጎረቤቱም በራሱ ጊዜ። ተቀራርበው፣ ተስማምተው ሲለቁስ? ቶሎ ይለቃሉ፤ ብርሃናቸውም ከተናጠሉ ድምር እጅግ ይደምቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!"

ይህንን ለተማሪዎቹ በጭብጨባ ላሳያቸው ፈለግሁ። መጀመሪያ እንዳሻቸው አጨበጨቡ፤ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ መሰለ። ከዚያ በአንድ ላይ... ጧ! መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አቶ ሓድጉ ሳቁ። ሲሳቅልኝ ደግሞ አበዛለሁ (እናንተስ?)። እጄን እንደ መዘምራን መሪ ዘርግቼ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩ፦

"ሁላችሁም በአንድ ላይ... ልቀቁ!"

ለካ ዘበኛችን አቦይ ገብረ በተከፈተው በር በኩል እያለፉ ኖሯል! መምህሩ "ልቀቁ" አለ፣ ሱፐርቫይዘርም ውስጥ ተቀምጧል... ትእዛዙ ከላይ ነው ብለው ደወሉን አንጫረሩት።

ሌላ ቀን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት የሚንዘላዘለው ተማሪ ሁሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሙሉ ትምህርት ቤት! ደወሉን ላስቆም ግቢው ስደርስ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ለተብርሃን እየሮጡ መጡ።

"ማነው የለቀቃቸው?"

"መምህር ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ልቀቁ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አሉ አቦይ ገብረ።

"ብርሃን ማለቴ ነው እኮ!" አልኩ።

"እንታይ ብርሃን? የምን ብርሃን? ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሓይ አለች!"

ላቤ ወረደ፤ እድገቴም አብራ የወረደች መሰለኝ። "አቶ ሓድጉ ይመስክሩልኝ!" ብዬ ወደ ክፍል ሮጥኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ዴስኩ ላይ የግምገማው ቅጽ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ ተቀምጧል፦ "ተማሪዎቹ የተማሩትን ወዲያውኑ በተግባር አሳይተዋል። እጅግ በጣም ጥሩ።"

ከአቦይ ገብረ ጋር ተከትለውኝ የገቡት ወይዘሮ ለተብርሃን ደጋግመው አነበቡት። "እሳቸውስ የት ገቡ?"

አቦይ ገብረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የግቢውን በር ስከፍት... መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው።"