ሊቀ ሻጋታ አቶ ወጋየሁ

ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚጥለውን ነገር በሁለት እጁ የሚቀበል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ የነፋስ ስልኩ ክቡር ሊቀ ሻጋታ አቶ ወጋየሁ ናቸው።

የምግብ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናቸው። በ1988 ዓ.ም. ለስልጠና ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ፣ ጓደኞቻቸው ቴፕና ካፖርት ሲያመጡ እሳቸው ጥፍር የምታህል ሻጋታ ይዘው መጡ።

«ቤት በሚያክል ጋን ውስጥ ስኳር ያበሉታል» ይላሉ፣ ታክሲ የሚጠብቀውን ሁሉ ክንዱን ይዘው። «ስኳሩ ሲተርፈው እንደ ሰው ይሰባል። ስቡን ጨምቀው ዘይት! ለሕፃን አእምሮ፣ ለዓይን የሚሆን፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ዓይነት!»

እኔ ወሬ ስለምወድ ስንት ታክሲ አምልጦኛል።

ጠላ ጠማቂዋ እትዬ ትሩፋት አንድ ቀን አቋረጧቸው። «ለመሆኑ ዘይቱ የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም ነዋ! ዓሣ የለበት፣ ወተት የለበት!»

«እንዲያ ከሆነ ይግፉበት።»

ገፉበት። ሻጋታውን በጠርሙስ እያሳደጉ፣ ለእኔም አንዱን ጠርሙስ በአደራ ሰጡኝ፤ «በሳምንት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። እንዳትጥለው፣ ሕይወት አለው!» በሳምንቱ ታክሲ ተራው ላይ ሰው ፊት «ጣልኩት» ብዬ አሳቅኩባቸው። ተቀይመው ሦስት ቀን አላናገሩኝም።

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ስንት ዓመት የለመኗቸው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በመጨረሻ «ሰኞ አምጣና አሳየን» አሏቸው። ከእሳቸው ወዲያ ይህን ነገር የሚሞክር የለም። ቅዳሜ የቀራቸውን አንድ ጠርሙስ የግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ጥላ ሥር አስቀምጠው ወደ ሱቅ ብቅ አሉ። ሲመለሱ እትዬ ትሩፋት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆመዋል።

«ባለቤትዎ ለቅሶ ሄዳ ዕቃው ሻግቶ ሳየው ሆዴ አልቻለም። በግራዋ አሽቼ፣ በወይራ አጥኜ አስቀመጥኩልዎ።»

ሊቀ ሻጋታ ታጥቦ የሚያብረቀርቀውን ጠርሙስ አነሡና አሸተቱ።

«ጥሩ ወይራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እግዜር ይስጥልኝ።» ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ።

ቤቴ ገባሁ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ባለቤቴ ከማታውቀው ቦታ፣ የእኔን ጠርሙስ አውጥቼ አመጣሁላቸው። ነጭ ጥጥ መስሎ አፉ ድረስ ሞልቷል።

«ጥዬዋለሁ አላልክም?»

«ሕይወት አለው ብለውኝ እንዴት ልጣለው?»

ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «በሳምንት ስንት ማንኪያ ነበር የምትሰጠው?»

«አንድ ነው ያሉኝ፤ ግን ሲያሳዝነኝ አንዳንዴ ሦስት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ አላልኩህም!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ፊታቸው በራ። «ሰብቷል እኮ!»