አባትየው ነው ወይስ ፕሮፌሰሩ?

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ፊልሙን ለማየት ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቀድሞ እጮኛውን ሠርግ የሚታደም ነው የሚመስለው። ለብሶ፣ አጊጦ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ሊመርቅ ሳይሆን ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ ሊመዝን ነው። ገና መብራቱ ሳይጠፋ «እንደ መጽሐፉ አይሆንም» ይላል። እንደ መጽሐፉ ከሆነለት ደግሞ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጡ?» ብሎ ያርፈዋል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማስደሰት የሚቻለው ፊልሙን ጭራሽ ባለመሥራት ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ጋሽ ተሾመ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ሊቀ መንበራቸው ናቸው ብልም አላጋነንኩም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚህ አዳማ ያላቸው ሥራ ጠዋት ጠዋት ፓፓያቸውን ውሃ ማጠጣትና ከዚያ በኋላ ጥላ እየተከተሉ ማንበብ ነው። ያንን አገር ምድሩ የተሻማበትን የምሥጢር ልቦለድ ሲያገኙማ ፓፓያዋም ልትደርቅ ነበር። የመጽሐፉን ስም አልጠራም፤ ወዳጁም ጠላቱም ብዙ ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ስውር ማኅበር አለ። መብራት የሚጠፋው፣ ሽንኩርት የሚወደደው፣ ደህና ሰው ከሥራው የሚነሣው በዚህ ማኅበር ትእዛዝ ነው። አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ምሥጢሩን ልታጋልጥ ትነሣለች። ዝምተኛው ጡረተኛ አባቷ ሕይወቱን ሰጥቶ ያድናታል። የማኅበሩ አለቃ ደግሞ በጣም የምታምናቸው ፕሮፌሰር ሆነው ይገኛሉ። ጋሽ ተሾመ ያንን አባት ሲወዱት ለጉድ ነው። ጡረተኛ፣ ዝምተኛ፣ ሴት ልጅ ያለው... ማንን እንዳዩበት መናገር ይኖርብኛል? ዝምተኛ የሚለውን እንኳ እህቴ አትቀበለውም።

ፊልሙ ከተማችን ሲደርስ እህቴ «እኔ ያንን መጽሐፍ ከሰውዬው አፍ ሰምቼ ጨርሼዋለሁ» ብላ ቀረች። የሄድነው ጋሽ ተሾመ፣ ልጃቸው ሜሮን፣ እኔና ገመቹ ነን። ገመቹ የሜሮን ወዳጅ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ሆኖ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ ይውላል። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ፊልሙ እንግዲህ አማችና አማች እንዲላመዱ የታሰበ ነበር። የማን ሐሳብ እንደነበረ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ተሾመ አዳራሹ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው በሹክሹክታ ያስረዱን ጀመር። የሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ የኋላው በር ድረስ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ብቅ ባሉ ቁጥር «እሱ ነው! ልብ በሉ፣ እሱ ነው!» ይላሉ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ ፈንዲሻ ሰጠቻቸው፤ ለአፋቸው መዝጊያ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

መጨረሻው ደረሰ። የማኅበሩ አለቃ ወንበር ዞረ። ተቀምጦ የተገኘው ፕሮፌሰሩ ሳይሆን አባትየው ነበር! አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ሆነ። ጋሽ ተሾመ ተነሥተው ቆሙ። «ኧረ በስመ አብ! አባትየውን?» አሉ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አባባ ይቀመጡልን፣ ፕሮፌሰርዎን ከለሉት!» አለና ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ።

ውጭ ስንወጣ ሁሉም ሃያሲ ሆኖ ነበር። አንዱ መጨረሻው አሪፍ ነው ይላል፣ ሌላዋ ተዋናይዋ ስታለቅስ ኩሏ እንዴት አልፈሰሰም ትላለች። ብዙውን የአዳማ ሰው ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፉ ማኅበርተኞቹ የሚዶልቱት ሶደሬ ፍል ውሃው ዳር ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ወስዶ አንድ ሆቴል አስገባቸው። ሰዉ አገር ለመሸጡ ምንም አላለም፤ ሶደሬ ለመቅረቱ ግን አምርሮ አዘነ።

እኛ ጁስ ቤት ገባን። ጋሽ ተሾመ ስፕሪሳቸውን ሳይነኩ ገመቹን አዩትና አስተያየቱን ጠየቁት። ሜሮን ከጠረጴዛው ሥር እግር ረገጠች። የረገጠችው የኔን ነበር። ገመቹም ምንም ሳይጠረጥር «እውነቱን ለመናገር ጋሼ፣ ለኔ ፊልሙ በልጦብኛል። አባትየው መሆኑ የበለጠ ያሳምናል» አለ። ጋሽ ተሾመ ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። የገመቹ አጎት ኦቦ ቶሎሳ ከወለንጪቲ፣ ጫማ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ፣ የገመቹ አከራይ አቶ በቀለ። ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ተሾመ ቀደሟቸው። «ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ» ብለው ልቦለዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩላቸው። ወጡ ቀዘቀዘ። ሜሮን ጓዳ ሆና ታለቅሳለች፤ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ባሏን በዓይኗ ትበላለች። ሰውዬው ግን ጨርሰው «እንግዲህ ፍረዱ! አባትን ከሚጠረጥር ልጅ ጋር እንዴት ልዛመድ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ሰይድ አስበው አስበው፣ ያላዩትን ነገር መፍረድ ነውር መሆኑን ተናገሩ። ፊልሙን ማየት አለብን ተባለ። እውነቴን ነው! ሦስት የተከበሩ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ገቡ። ጋሽ ተሾመና ተጠርቶ የመጣው ገመቹ ባለጉዳይ ስለሆኑ እንዳይገቡ ተከለከሉና ደረጃው ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እኔ መሐል ሆኜ ለሁለቱም ኦቾሎኒ አቀብል ነበር።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማነው የሐጂ ሰይድን ድምፅ ነው።

«የሰው አባት ስሙ በከንቱ ጠፋ!»

«ምን በከንቱ? እኔ ከመጀመሪያው ጫማው አላማረኝም» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ጡረተኛ እንዲያ ያለ ጫማ ከየት ያመጣል?»

«ጫማ መግዛት ወንጀል ሆነ?»

ጫማ ለሚሸጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተካረሩ። አቶ በቀለ እንዲዳኙ ቢጠየቁ፣ ጋዜጠኛዋ አውቶቡስ ስትሳፈር ካዩ በኋላ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር በትሕትና አስረዱ። ኦቦ ቶሎሳ ተቆጥተው ወደ ወለንጪቲ ሚኒባስ፣ ሐጂም ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ጋሽ ተሾመና ገመቹ ፊልሙን ካዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። በኛ የተነሣ ሰው ተጣላ የሚል ፍርሃት ነበር በሁለቱም ፊት ላይ።

በማግስቱ ሦስታችን ኦቦ ቶሎሳን ልንለምን ወደ ወለንጪቲ ተሳፈርን። ሙቀቱ ሚኒባሱን ሊያቀልጠው ደርሷል። መንገድ ላይ ጋሽ ተሾመ በመስኮት እያዩ፣ አባትየው መሆኑ ምኑ ላይ ነው የሚያሳምነው ብለው ድንገት ጠየቁ።

ገመቹም መለሰላቸው። «እኔ አባቴን አላውቀውም፣ ጋሼ። ገና ሳልወለድ ነው ትቶን የሄደው። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። መጽሐፉንም አንብቤዋለሁ። አባት ለልጁ ሲል ሲሞት... ደስ ይላል፤ ግን ልብ ወለድ ይመስለኛል።»

እኔ መውጫ ፈለግሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ መውጫ የለም። ጋሽ ተሾመ ከመስኮቱ ዞር አሉ። ፀሐዩ በልጁ በኩል ነበርና ኮፍያቸውን አውልቀው ራሱ ላይ አደረጉለት። «በል እንግዲህ» አሉ፣ «ልብ ወለድ መሆን አለመሆኑን እኔ ጋ ሆነህ እናየዋለን።» ከዚያ አቧራው ነው ብለው ሳሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ደጃቸው ላይ ሁለቱን አብረው ሲያዩ ደነገጡ። ጋሽ ተሾመ ከሩቁ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ!» ብለው ጎንበስ አሉ፤ ገመቹ የአጎቱን ጉልበት ሳመ። አግባብተን፣ ለምነን ይዘናቸው ተመለስን። አቶ በቀለን ከመንገድ ላይ አነሣንና በቀጥታ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገባን። ጫማ መለኪያው አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። ጋሽ ተሾመ አንዱን ሲያባብሉ ገመቹ ሌላውን ያባብላል። ጋሽ ተሾመ ለፊልሙ ይከራከራሉ፣ ገመቹ ለመጽሐፉ! ሁለቱ አዛውንት በመጨረሻ ሳቁና ተቃቀፉ።

ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን ጠርገው ገመቹን በአድናቆት አዩትና ወደ ጋሽ ተሾመ ዞረው ተቆጡ።

«ተሾመ፣ እንዲህ ያለ አስታራቂ ልጅ መጥቶልህ፣ ምን ቆርጦህ ነው ልጅህን የምትከለክለው?»

ጋሽ ተሾመ ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እናንተ መቼ ጠየቃችሁኝ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለካ እስካሁን አንዳቸውም አልጠየቁም።