ከንቲባው ያዩት ግስላ

ጀግንነት በሩጫ ቢለካ ኖሮ የከተማችን ከንቲባ ሐውልት ይገባቸው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጣ ብለው የስንዴ ማሳ ሲጎበኙ፣ ከአዝመራው መሀል ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ክቡርነታቸው ወዲያው ስልታዊ ማፈግፈግ አደረጉ። ይህም ማለት፣ ጫማቸውን ጥለው ሾፌራቸውን ቀድመው መኪና ውስጥ ተገኙ።

“ግስላ ነው! ጥጃ የሚያህል ጥቁር ግስላ!”

“እኔስ ድመት መስሎኝ…” አለ ሾፌሩ። ከንቲባው ዞር ብለው አዩት። “…ነበር፤ ለካ ጥጃም ያንሰዋል፣ ወይፈን ነው የሚያህለው!” ብሎ ሥራውን አተረፈ።

ድሮ “ነብር አየኝ በል” ይባል ነበር፤ በእኛ ከተማ “ግስላ አየሁ በል” ሆነ። መምህሩ ጅራቱን አየ። ባለሆቴሏ ሲያዛጋ አየችውና ሆቴሏን “ግስላ” አለችው። እንግዳው ካሜራውን አንግቶ ይጎርፍ ጀመር።

አላየሁም ያለች የከብት ሐኪሟ ብቻ ነበረች። ጎንበስ ብላ ዱካውን መረመረችና፣ “ክቡር ከንቲባ፣ ይሄ የቤት ድመት ነው” አለች።

“ድመት ከንቲባ ያስሮጣል?”

“እንደ ከንቲባው ነው።”

ለዚህ ሳይንሳዊ ማብራሪያዋ ከሥራ ታገደች።

ከንቲባው በአዳራሽ ሙሉ እንግዳ ፊት “ግስላችን ኩራታችን” የሚል ንግግር ሲያደርጉ፣ በበሩ እውነተኛ ነብር፣ ያውም ዥጉርጉሩ፣ ሰተት ብሎ ገባ። ያን ሁሉ መንገድ ሊያየው የመጣው እንግዳ በመስኮት ወጣ። መስኮቱ የጠበባቸው ከንቲባ መድረኩ ላይ ቀሩ።

“እኛ ያልነው ግስላ ነው! ነብር አልጠራንም!” ብለው ጮኹበት።

እግዷን ልታስነሳ ደጅ ስትጠና የዋለችው ሐኪም ወንበር አንስታ፣ ነብሩን እየገፋች እየተቧጨረች አስወጣችው።

በማግስቱ ሆቴሉ ጭር አለ። ከንቲባውም አዋጅ አስነገሩ፦ “በአካባቢያችን ግስላም ሆነ ነብር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አየሁ የሚል የልማት ጠላት ነው።”

ሐኪሟ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ቢሯቸው ገባች። “ታዲያ እኔን ማን ቧጨረኝ፣ ጌታዬ?”

“የኔ ልጅ፣” አሉ ከንቲባው በአባት አንደበት፣ “እሱ የአንቺና የቧጫሪሽ የግል ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሰው ጠብ ጣልቃ አይገባም።”