የመሪጌታ ጥበቡ ጀሪካን

ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚናፍቀው ነገር አይታወቅም። አንዱ የመንደሩን ወንዝ ይናፍቃል፣ ሌላው የመጀመሪያ ደመወዙን፣ ሌላው ደግሞ ሳያገባት የቀረችውን ልጅ። እኔ የምናፍቀው ቢጫ ጀሪካን ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን እስክጨርስ ታገሡኝ።

ዛሬ ኩላሊት መለካት ምን ችግር አለው? ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል፣ ለማሽኑ ይሰጣል፣ ዕድሜና ጾታ ይነገረዋል፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያወጣዋል። ባለሙያው እስከዚያ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። በኛ ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው የምላችሁ፣ ኩላሊት የሚለካው በትዕግሥት ነበር። ጡንቻችን በየቀኑ ክሬቲኒን የሚባል ጥራጊ ያወጣል፤ ጠራጊው ኩላሊት ነው። በደም ውስጥ ምን ያህል እንደቀረና በአንድ ቀንና ሌሊት ሽንት ምን ያህል እንደወጣ ካወቃችሁ፣ ጠራጊው እየሠራ ይሁን እያንቀላፋ ይታወቃል። ስለዚህ ተመርማሪው የሃያ አራት ሰዓት ሽንቱን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር በጀሪካን ያጠራቅማል። ሳይንሱ ይኸው ነው። እንከን የለውም።

እንከኑ ያለው እኛ ዘንድ ነው። እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ከመለኪያ ጋር ያለን ነገር ለየት ይላል። አርብ ገበያ ውረዱና ገብስ ግዙ እስቲ። ሻጯ ቁናውን በልኩ አስተካክላ ብትሰፍርላችሁ ቤታችሁ እስክትደርሱ ስታሟት ነው የምትሄዱት። ተቆልሎ፣ ዳር ዳሩ እየፈሰሰ፣ በዚያ ላይ እፍኝ ምራቂ ታክሎበት ነው ተሰፈረ የሚባለው። ጎረቤት በሳህን ሽሮ ብትልክላችሁ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ ጥቂት ምስር ጣል ይደረግበታል። ሰው ቤት የገባ ዕቃ ጎድሎ ከወጣ የጎደለው ዕቃው ሳይሆን የቤቱ ስም ነው። እኔ የእስቴ ልጅ ስለሆንኩ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ጀሪካን ሳድል አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ትምህርት እንዲህ ያደርጋል።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻይ በላይ በላዩ የሚጠጣ ዶክተር የገበሬውንና የካህናቱን ኩላሊት ሊያጠና ከከተማ መጣና ረዳቱ አደረገኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን ማደል፣ በማግስቱ መሰብሰብ፣ ደም መቅዳትና በካልኩሌተር ማስላት ነበር። ማቀዝቀዣስ? ካላችሁኝ፣ ጋይንት ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፤ ጀሪካኑን ከጓሮ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። መኪና እስከሚደርስበት እሄድና የቀረውን በእግሬ እያዘገምኩ፣ የገብሱን ማሳ በሁለት በኩል እያየሁ፣ ባዶ ጀሪካኖቼ ጀርባዬ ላይ ሲንኳኩ እሰማ ነበር። ወጣት ነበርኩ። ጉልበቴን የሚያመኝ ነገር አልነበረም።

እዚያው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ከመዘገብኳቸው ሰዎች አንዱ መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ የድጓ መምህር። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፣ ክብደታቸው በሚዛኔ አርባ ስምንት ኪሎ ነው፣ ድምፃቸው ግን የአርባ ስምንት ኪሎ ሰው ድምፅ አይደለም። ሲያዜሙ የጎጇቸው ግድግዳ አብሮ የሚቀበል ይመስለኝ ነበር። የፈቃደኝነቱን ቅጽ ስሰጣቸው ፊርማቸው ብቻ ሁለት መስመር ግእዝ ሆነ። ከዚያ ብዕሩን መለሱልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እስከ ሠርክ ነው የምጾመው። ዘንድሮ እግሬ ያብጣል፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ይኸ ኩላሊት የምትሉት ነገር ይችል እንደሁ እይልኝ። ከቻለ ቻለ በለኝ። ካልቻለም እንዳትደብቀኝ።»

እንደማልደብቃቸው ቃል ገባሁና ጀሪካኑን ለባለቤታቸው ለእትዬ ትርንጎ ሰጠኋት። የጠዋቱን መጀመሪያ እንዲደፉት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነገ ጠዋት ያለው አንዲት ጠብታ እንዳትቀር አስጠነቀቅኳት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

በማግስቱ ስመለስ እትዬ ትርንጎ ጀሪካኑን ከውጭ አጥባ፣ ክዳኑን በላስቲክ አስራ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። እስከ አንገቱ ሞልቷል። ስቀበላት ጎንበስ አለች፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። ከተማ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የዋሉ አርባ ስምንት ኪሎ ሽማግሌ ሦስት ሊትር ከየት አመጡ ብሎ አይጠይቅም። ደማቸውን ቀዳሁ፣ ምስጋናዬን አቅርቤ ወጣሁ።

ላብራቶሪ ገብቼ ሳሰላው ውጤቱ የሚያስደስት ሆነ። በደማቸው ውስጥ የቀረው ጥራጊ በርከት ያለ ነው፣ ግን በሽንት የወጣውም እንደዚያው የትየለሌ ስለሆነ ቀመሩ «ጤነኛ» ብሎ ደመደመ። ደንቡ ውጤት ያለ ዶክተሩ ፊርማ ለተመርማሪ አይነገርም ይላል። ዶክተሩ ከተማ ሄዷል፤ ጾሙ ደግሞ ዶክተር አይጠብቅም። በቅበላው ቀን ቤተ ልሔም ድረስ ሄጄ «ይችላል መሪጌታ፣ ኩላሊትዎ የጎልማሳ ነው» አልኳቸው። ራሴን ይዘው መረቁኝ። መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ጾሙ ሲጋመስ ዶክተሩ መጣና ቅጾቹን ያገላብጥ ጀመር። የመሪጌታ ላይ ሲደርስ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይህ ሰውዬ ስንት ኪሎ ነው አልከኝ?»

«አርባ ስምንት።»

«አርባ ስምንት ኪሎ ሰው በቀን ይህን ያህል ክሬቲኒን አያወጣም። የዚህን ያህል ጡንቻ የለውማ! ይህ የሁለት ሰው ነው። ኧረ የሦስት ነው። የደሙን ብቻ ብታየው ኩላሊቱ ተጎድቷል። ነገርከው እንዴ?»

መልሴን አልጠበቀም፤ ፊቴ ላይ አነበበው። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ሰውየው «እንዳትደብቀኝ» ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን ከመደበቅ የከፋ ነገር ነው ያደረግሁት።

ቤተ ልሔም ስደርስ መሪጌታ ተቀምጠው ያስተምራሉ። ቆመው እንጂ ተቀምጠው ሲያዜሙ አይቻቸው አላውቅም። እግራቸው መደቡ ላይ ተዘርግቷል፣ ከአፋቸው የሚወጣው ዜማ ደጅ አይደርስም። ሲያዩኝ ፈገግ ብለው «ጾሙን ይዤዋለሁ» አሉኝ። እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እትዬ ትርንጎ እንጨት ትሰባብራለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጀሪካኑ ውስጥ የመሪጌታ ብቻ ነው የነበረው?»

መጥረቢያውን አስቀመጠች። አልካደችም። ደግነቱ በኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር መካድ የሚያስፈልግ አይመስለውም ሰው።

«ኧረ ምን ላድርግ ልጄ! የሳቸውማ ከሥሩ ፈቅ አላለም። አገር አቋርጠህ ያመጣኸውን ዕቃ እንዴት ጎዶሎ አድርጌ ልስጥህ? እኔው ጨመርኩበት። እኔም ብቻዬን አልበቃ ስል እህቴን የሺን ጠራኋት። ጠላ እየጠጣን አድረን ነው የሞላንልህ።»

የሰባበረችውን እንጨት መሰብሰብ ጀመረች። ኋላ ግን ድምፅዋ ተቀየረ።

«ደግሞ… ጥቂቷን አይተህ አለቀላቸው ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ይኸን ስትል ቁጣዬም ሳቄም ጠፋ። ጀሪካኑን የሞላችው በይሉኝታ ብቻ አልነበረም። እኛ በካልኩሌተር የምንፈልገውን ነገር እሷ ከጠየቅናት ቀን በፊት ታውቀው ነበር፤ የእግራቸውን እብጠት ማታ ማታ የምታሸው እሷ ናት።

ዶክተሩ ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ራሱን ያዘ፣ ቀጥሎ ያመጣናቸው ጀሪካኖች ሁሉ ትዝ አሉትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እንደገና ዞርን። ስንቱ ቤት እንደሞላልን አትጠይቁኝ። አንድ የስማዳ ገበሬማ መላ ቤተሰቡን አስተባብሮ ነበር፤ ሲነግረን በኩራት ነው። ዶክተሩ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ስናድል የምንናገረው አንድ ነገር ሆነ፦ የጎደለ ዕቃ አያስከፋንም፣ የሌላ ሰው የተጨመረበት ግን ሕመምተኛውን ይገድላል።

መሪጌታን በድጋሚ ለካናቸው። ጀሪካኑ ሲሶውን እንኳ አልያዘም፤ እትዬ ትርንጎ ስትሰጠኝ ፊቷን አዙራ ነው። ቁጥሩም እውነቱን ተናገረ፤ ኩላሊታቸው ከሚገባው ሲሶ ያህሉን ነው የሚሠራው። በዚህ ጊዜ ዶክተሩ ራሱ አብሮኝ ሄደ። የደም ግፊት ኪኒን በየጠዋቱ በውኃ እንዲወስዱ፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ ቀኑን ሙሉም ደረቅ እንዳይውሉ ነገራቸው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ጀሪካኑ እንዴት እንደሞላ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«እንግዲህ ጎልማሳ ነው የተባለው ኩላሊት ያንቺና የዋርሳዬ የየሺ ኖሯል!»

ሳቁ። እኛም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «በጾም ውኃ…» አሉና አልጨረሱትም። የንስሐ አባታቸው ከፈቀዱላቸው በኋላ እንኳ የመጀመሪያዋን ኪኒን ለመዋጥ ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው ሰማሁ። ከዋጡ ወዲያ ግን አልደበቁትም፤ በተማሪዎቻቸው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚጠጡት።

በዓመቱ በዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቆመው ያስተምራሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ባይሆንም ግድግዳው ይቀበላቸዋል። እግራቸው ጫማ ውስጥ ገብቷል። ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ እትዬ ትርንጎ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ «አብረን እንብላ እንጂ» ብላት እጇን አልዘረጋችም። እሷ በዘጠኝ ሰዓት ጾሟን የምትፈታ ሰው እንደነበረች አውቃለሁ። ብጨቀጭቃት ወደ በሩ አየችና በሹክሹክታ ነገረችኝ።

«እሳቸው ይጾሙት የነበረውን እስከ ሠርክ ያለውን ሰዓት እኔ ይዤላቸዋለሁ። ውኃም አልቀምስ። አደራህን እንዳትነግራቸው፤ ቢሰሙ ያችን ኪኒን ይተፏታል።»

ይህን ያህል ዓመት ሰው ሲዋደድ፣ አንዱ ለሌላው ደም ሲሰጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እትዬ ትርንጎ ጠጋ አለችኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ለሳቸው ይቆጠርላቸው ይሆን?»

ከዚያ ስሕተቴ ወዲህ ያለ ዶክተሩ ፊርማ ለማንም ውጤት ተናግሬ አላውቅም። በራሴ ምዬ ነበር።

«ይቆጠርላቸዋል እትዬ» አልኳት።