ቦዬን አልደፍንም

እኔ የምለው፣ ሰው በገዛ ግቢው ቦይ ቢቆፍር ምኑ ነው የሚያስደነግጠው? እኛ አገር ክረምት ሳይገባ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ያልቀደደ አባወራ ሰነፍ ይባላል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢስት ዮርክ፣ የሚከሰሰው የቀደደው ነው።

በረዶ በቀለጠ ቁጥር ቤዝመንቴ፣ ምድር ቤቴ ማለቴ ነው፣ ውሃ ይገባበታል። ቤዝመንቱ ደግሞ ዘወትር ረቡዕ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የሚጸልዩበት ነው። አምና እህቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጸለዩ። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ፣ እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ቤት ብንሄድስ አሉኝ። ከቤቴ ጸሎት ሊወጣ? አካፋ አነሳሁና ዙሪያውን ቆፈርኩ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሦስት ቀን ሲያየኝ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ለማዘጋጃ ቤት ኮል አደረገ። "ቦዩን በሁለት ሳምንት ውስጥ በአፈር ሙላ" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

ልጄ ሰላም እዚሁ የተወለደች የታሪክ ተማሪ ናት። ደብዳቤውን አነበበችና "ዳድ፣ ዩ ኖው፣ እንግሊዝ አገር ፋርመሮች እንደዚህ ያደርጉ ነበር" አለችኝ። በመካከለኛው ዘመን ነው አሉ፤ ግንብ የሌለው፣ ጥቂት ላሞች ያሉት ሰው ቤቱን ዙሪያውን ቆፍሮ ውሃ ይሞላበት ነበር። ጠላት ፈርቶ ነው? አልኳት። አንዳንዱ ሌባ ፈርቶ፣ ብዙው ግን ጎረቤት እንዲያይለት ነው አለች። ፎቶም አሳየችኝ። ባዶ መስክ፣ ሳሩ ላይ በአራት ማዕዘን የዞረ ጎድጓዳ መስመር። ቤቱ የለም። ባለቤቱ የለም። ነገር የሚፈልገው ጎረቤትም የለም። ቦዩ ግን አለ። ይሄኔ እልህ ያዘኝ።

ትእዛዙን አከበርኩ፣ ሞላሁት። ደብዳቤው ሙላ አለ እንጂ እስከ አፍ ገደፉ ሙላ አላለም። አንድ ስንዝር አስቀርቼ ሳር ዘራሁበት። የማዘጋጃ ቤቱ ኢንስፔክተር መጣ፣ ዞር ዞር አለና "ናይስ ሎን"፣ ሳርህ ያምራል ብሎኝ ሄደ።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ጎድጓዳውን ይዞ ወደ መንገዱ ወረደ። ረቡዕ ጋሽ ታደሰ ምንጣፉን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና ተንበረከኩ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈልግም።

ጎረቤቴስ? ባለፈው ቅዳሜ በሬን አንኳኳ። የራሱ ቤዝመንት ውሃ ገብቶበት ኖሮ አካፋ ሊዋሰኝ ነው የመጣው። ሰጠሁት። ማዘጋጃ ቤት መደወሉ ግን ዘንድሮ የኔ ተራ ነው አልኩት።