ክቡር ሳሙናና የሚላሰው ጣት

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ከማለዳው ያካፋ ነበር። ዝናብ ብለው የማያማርሩት፣ ግን ጫማን አጨቅይቶ የሚለቅ ዓይነት ካፊያ። ሰላጣ አጥበን የምናሽግበት አዳራሽ በር ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል። ዣንጥላው የተያዘው ግን ለእሳቸው አልነበረም፤ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ለተቀመጠው ሳሙና ነበር። እሳቸው በስብሰዋል፣ ሳሙናው ደርቋል።

«እንደምን አደራችሁ እመቤቶች፤ እጅ!» አሉ።

ታጥበን መዳፋችንን ዘረጋን።

«ጀርባውስ?»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። ፈጣሪ ቆሻሻን ሲፈጥር፣ ብቻውን እንዳይሰለቸው ብሎ የሚያሳድደውንም ሰው አብሮ የፈጠረ ይመስለኛል። ሰው ቤት ተጋብዞ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ የሚመረምር፣ ሰው ሲያስነጥስ ጥይት እንደተተኮሰ ጎንበስ የሚል፣ በር በክርኑ የሚከፍት። እናንተም ዘንድ አንድ አይጠፋም። ከጠፋ እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው የተቀጠሩት የንጽሕና ተቆጣጣሪ ተብለው ነው። እኛ በዚያው ቀን ክቡር ሳሙና አልናቸው። ሰምተዋል፤ አልከፋቸውም። «ከክቡር ቆሻሻ ይሻላል» ብለው አለፉ።

ከክቡርነታቸው ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። የማጠቢያው ገንዳ ትንሽ ሲደፈርስ «ይቀየር» ይላሉ። አንዷ ደፍራ «ኧረ ጋሼ፣ ገና ንጹሕ እኮ ነው!» ካለች ከገንዳው በኩባያ ቀድተው ያቀርቡላታል። «እንግዲያው ጠጪልኝ።» ገንዳው ይቀየራል። ወለል ላይ የወደቀ ቅጠል ለእሳቸው ሞቷል፤ ታጥቦ አይነሣም።

«ይቺን ሰላጣ የምትበላው ሴት አታውቅሽም» ይላሉ። «አምናሽ ነው የምትበላው። ሰላጣ አይቀቀል፣ አይጠበስ፤ ጥፋትሽን እሳት አይሸፍንልሽም። ከእጅሽ ቀጥሎ ያለው አፍ ነው።»

አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ጋሼ፣ በልጅነትዎ ምን ደርሶብዎት ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልደረሰብኝም። እንዳይደርስብኝ ነው።»

ትልቁ ጦርነታቸው ግን ከምላሳችን ጋር ነበር። የምናሽግበት ፌስታል ስስ ነው፤ አፉ ተጣብቆ አልከፈትም ይላል። ስለዚህ ማሸጊያ ቤት የኖረች ሴት ሁሉ ጣቷን ላስ፣ ፌስታሉን ከፈት። ቅጠሉን መድኃኒት ባለው ውሃ አጥበን፣ አለቅልቀን፣ አጠንፍፈን፣ ሲያልቅ ምራቃችንን እንቀባዋለን ማለት ነው። ክቡርነታቸው ይህን ያዩ ዕለት ግድግዳ ተደገፉ። ጓንት አመጡልን፤ ጓንቱን ላስን። በየፊታችን እርጥብ ስፖንጅ አስቀመጡልን፤ ስፖንጁን ነካ አድርገን ጣታችንን ላስን። ኋላ ስፖንጁንም ራሱን ተጠራጠሩትና ሰበሰቡት። በመጨረሻ የፌስታሉን አፍ በሁለት መዳፍ መሐል አሸት አሸት ማድረግን አስተማሩን። ይሠራል። ግን አመል ያወጣል ከመሐል ነውና፣ ምላስ ብቅ ባለ ቁጥር ከወዲያ ይጮኻሉ፦ «እመቤት! ምላስ ወደ ቤቱ!»

ከሕጎቻቸው ሁሉ የምንፈራው ግን አንዱን ነበር። ሆዷን ያመማት ሴት ሰላጣ አትነካም፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሕጉ መልካም ነው። ችግሩ ያለው ውጪ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች ግቢው በር ላይ ይቆማሉ። የአንዷ ወንበር ባዶ ከሆነ አሠሪያችን ከእነሱ አንዷን ያስገባል፤ የገባች ደግሞ አትወጣም። ስለዚህ ሆድ ቢቆርጥም ጥርስ ነክሶ መቀመጥ ነው።

ታናሽ እህቴ የምትቀመጠው ከጎኔ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጆቿን የምታበላው በዚያች ወንበር ነው። አንድ ጠዋት ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትወጣለች።

ክቡርነታቸው የጓሮውን ሳሙና በመዳፋቸው ይዘው መጡ። «ይህ ሳሙና ዛሬ ከስቷል» አሉ።

«ብርድ ነው ጋሼ» አልኩ እህቴን ቀድሜ። «ሽንት እያመላለሳት ነው።»

«አንቺን አልጠየቅኩም። እመቤት፣ ሆድሽን ነው?»

እህቴ አቀረቀረች። «ወንበሬን አያስወስዱብኝ ጋሼ» አለች።

ሳሙናውን አገላብጠው አዩት። «በወጣሽ ቁጥር ታጥበሻል። ጎበዝ። አሁን ተነሺ።»

ዕቃዋን ልሰበስብላት ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ወስደው በሩ ላይ ባለችው የራሳቸው ወንበር አስቀመጧት፤ ማንም እንዲቀመጥባት በማይፈቅዱት። «እስኪሻልሽ የእጅ ተቆጣጣሪ ነሽ። ምንም እንዳትነኪ፣ ሳሙናውንም ቢሆን። የሚያስፈልግሽ ዓይንና አፍ ነው።» ተመልሰው እሷ የነካችውን ሰላጣ በሙሉ አስደፉ፣ ጠረጴዛዋን አሳጠቡ፣ ሽርጥ አጠለቁ፣ የሌላቸውን ፀጉር በመረብ ሸፈኑና ቦታዋ ላይ ቁጭ አሉ።

አሠሪው ገብቶ አያቸውና በቆመበት ቀረ። «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ወንበሩ ባዶ አይደለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው አለበት።»

አሠሪው የተደፋውን አየ፣ በሩ ላይ ያለችውን እህቴን አየ፣ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

በሥራው ግን፣ አቤት ሲያሳዝኑ! የእኛ ክምር ተራራ ሲያክል የእሳቸው አንድ ጉብታ አልሞላም። አንዱ ፌስታል እምቢ አላቸው። አሸት አሸት አደረጉት፤ እምቢ። ግራ ቀኝ አዩ። ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ አፋቸው ወጣ። ሁላችንም እጃችንን አቁመን አየናቸው።

«ክቡርነትዎ!» አለች አንዷ ከጥግ። «ምላስ ወደ ቤቱ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ክቡርነታቸው ደም መሰሉ። ፌስታሉን ጣሉ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ታጠቡ። እህቴ ሆዷን ይዛ እንደተቀመጠች እጃቸውን መረመረችና «እንደገና» አለቻቸው። እንደገና ታጠቡ።

እስኪሻላት ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሡም። በማግስቱ ምሳዬን አብዝቼ ቋጠርኩ። ሰውዬው ከሰው እጅ አይበሉም፤ ምሳቸው ራሳቸው የላጡት ሙዝ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አቀረብኩላቸው። አሸተቱት። እኔን አዩ፣ እጄን አዩ። «ጀርባውስ?» አላሉኝም። ጠርገው በሉት። እኔም ዞር ብዬ ሽርጤን የማጠብቅ መሰልኩ፤ ዓይኔ ውስጥ በረኪና ገብቶ ነው።

ክቡርነታቸው አሁን ከእኛ ዘንድ ወጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ በተከፈተው ካሮት ማጠቢያ በር ላይ «እጅ!» ይላሉ። እህቴ ከጎኔ፣ ወንበሯ ላይ ናት።